ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሰዓቱን እዩት

የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ብሎክ ሥር ናት። በስተግራዬ ጀበና ቡና፣ በስተቀኜ ፀጉር ቤት። መብራት ሲሄድ ሦስታችንም ደጅ ወጥተን እንቀመጣለን፤ ጥያቄዎቻችሁን የማነበውም ያኔ ነው። በዚህ ወር የመጡትን ሳገላብጥ አንድ ቃል አልለቅ አለኝ። «ፎርማት ይደረግ አሉኝ።» «ፎርማት ላስደርገው ወይ?» «ፎርማት በስንት ትሠሪያለሽ?»

ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒውተሬ በታመመ ቁጥር አንድ ባለሙያ ይመጣል። አይቀመጥም፣ ምን ሆነ ብሎም አይጠይቅም። ፎርማት አድርጎት፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ጭኖት ይሄዳል። እኔ የጠፋውን ደብዳቤ ሁሉ እንደገና ስተይብ እሰነብታለሁ። ጥገና የተማርኩት በንዴት ነው ብል ውሸት አይደለም። እኔ ዘንድ ፎርማት የመጨረሻው ነው፤ ከሱ በፊት የሚታይ ነገር ሞልቷል። እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ።

«እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ልጆቼ የሚማሩበት ዴስክቶፕ አለን። ሰሞኑን መብራት ሄድ መጣ እያለ ሲያስቸግረን ቆየና ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት አልከፍትም አለ። ዋይፋዩ ደህና ነው፣ በስልኬ ሁሉም ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ጎግልም ዩቲዩብም ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ነው የሚያመጣው። የሰፈር ልጅ አየውና ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ አለ። የልጆቹ የሕፃንነት ፎቶ አለበት፤ ፈራሁ።» እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

እንኳንም ፈራሽ እህቴ። አሁን መጽሔቱን እንደያዝሽ ወደ ኮምፒውተሩ ሂጂና የስክሪኑን የታች ቀኝ ጥግ እዪልኝ። ሰዓቱ ሥር ያለው ዓመት ስንት ነው? ያለንበትን የፈረንጆቹን ዓመት ካላሳየ፣ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ፣ በሽታው ተገኘ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ድረ ገጾች እንደ ሰው መታወቂያ አላቸው። መታወቂያው ላይ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ሰፍሯል። ዕድሜውም አጭር ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ ከ398 ቀን በላይ የሚሰጠው የለም። ኮምፒውተርሽ እንደ በር ጥበቃ ነው። እንግዳው መታወቂያውን ሲያሳየው ቀኑን ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። ጥበቃው ዛሬ 2015 ነው ብሎ ካመነ፣ ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው ታየው ማለት ነው። «ተመለስ» ይላል። ስልክሽ ግን ቀኑን ከኔትወርኩ ስለሚወስድ አይሳሳትም። ለዚህ ነው በአንዱ ዋይፋይ ስልኩ ሲሠራ ኮምፒውተሩ እምቢ ያለው።

ቀኑ ለምን ተሳሳተ? ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች አንድ ባትሪ አለች። ሶኬቱ መብራት ሲኖረው ሥራ ፈት ናት። መብራት ሲሄድ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ሰፈራችሁ እንደ ሰፈራችን ከሆነ ደግሞ ብዙ ሠርታለች። ስትሞት ኮምፒውተሩ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ስታበሪውም ጥቁር ስክሪን ላይ «ኤፍ 1 ተጫኚ» የሚል ጽሑፍ ያመጣ ይሆናል።

መቀየር የምትችዪው ነገር ነው። ኮምፒውተሩን አጥፊና ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ። የጎን ክዳኑን የያዙትን ብሎኖች ከጀርባው ፈትተሽ ወደ ኋላ ሳቢው። ክዳኑን ስትከፍቺ አቧራው ያስደነግጥሻል፤ እሱን እንመለስበታለን። እጅሽን የኮምፒውተሩን ብረት አስነኪ፤ ሰውነትሽ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እዚያ ይራገፋል። ባትሪዋ ትልቁ ቦርድ ላይ የምታብረቀርቀዋ ናት። ላይዋ ላይ ሲአር 2032፣ 3 ቮልት የሚል ተጽፏል። ጎኗን የያዛትን ትንሽ ብረት በቀጭን ካቻቢቴ ገፋ ስታደርጊያት ራሷ ብድግ ትላለች። አዲሷን ሰዓት ጠጋኝ ወይም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ታገኛለሽ፤ ለመኪና ሪሞት የሚገዙትም ብዙ ጊዜ እሷኑ ነው። የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገሽ አስገቢያት። አለቀ።

ከዚያ ቀኑን መጀመሪያ በእጅሽ አስተካክዪ። ሰዓቱ እጅግ ከራቀ ዊንዶውስ በራሱ ለማስተካከል ይግደረደራል። ሰዓቱ ላይ በማውዝ ቀኝ ክሊክ አድርጊና ቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ክፈቺ። «ታይም ዞን» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጊ አታገኚያትም፤ ናይሮቢን ምረጪ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። በመጨረሻ ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ የሚያደርገውን አብሪው።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ትዝ አለኝ። በቀደም አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ያው «አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ላፕቶፑ አዲስ ነው፣ ባትሪው ጤነኛ ነው። ጥጉን ሳይ 2018 ይላል። «ጋሼ፣ ይህን ማን ነካው?» አልኳቸው። «እኔ ነኛ! የፈረንጅ ቀን እያሳየ ሲያስቸግረኝ አስተካከልኩት» አሉኝ ኮራ ብለው። ሰዓቱንም አስተካክለውታል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበርና አራት ብለውታል። ለኮምፒውተሩ ግን ያ ሌሊት አሥር ሰዓት ነው። «ጳጉሜ ሲመጣ ምን ሊያደርጉ ነው? ይሄ እኮ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም» ብላቸው፣ «እሱን ያኔ እናያለን» አሉኝ።

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከነሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ለኮምፒውተሩ 2018 ብለን የሰጠነው እንደሆነ እሱ የሚያውቀው የነሱን 2018 ነው፤ ያኔ ደግሞ የዛሬዎቹ መታወቂያዎች አልተሰጡም። የእኛን ቀን ግድግዳው ላይ ይስቀሉት፤ ለኮምፒውተሩ የነሱን ይተዉለት። መምህሩ ተስማምተው ሄዱ፤ ፊታቸው ግን ደስ አላለውም።

«ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱን ዝርዝር ከመዝገብ ወደ ኤክሴል እያዛወርኩ ነው። ስልክ ስጽፍ ዜሮዋን ይበላታል፤ 09 ብዬ የጀመርኩት 9 ሆኖ ቁጭ ይላል። የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ደግሞ መሃሉ ነጥብና የእንግሊዝኛ ፊደል ከትቶ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ሦስት ቀን እየደጋገምኩ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ይሆን የተበላሸው?» ጡረተኛ፣ ከለገጣፎ

አባቴ፣ እንደምን ሰንብተዋል። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። ኤክሴል ተፈጥሮው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቁጥር ያየ እንደሆነ ሊደምረው ሊቀንሰው ይሰናዳል። ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ከፊት ያለች ዜሮ ዋጋ የላትም፤ ይጥላታል። ስልክ ቁጥር ግን የሚደመር ነገር አይደለም፤ እንደ ስም ነው። ለኤክሴል ይህን አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል።

ገና ያልጻፉበት ዓምድ ከሆነ፣ ከላይ ያለችውን የዓምዱን ፊደል አንድ ጊዜ ይጫኑ። ዓምዱ በሙሉ ይመረጣል። ከላይ መሃል አካባቢ «ጀነራል» የሚል ሳጥን አለ። ይክፈቱትና «ቴክስት» የሚለውን ይምረጡ። ከዚህ በኋላ የጻፉትን ሳይነካ እንዳለ ያስቀምጣል። ሴሉ፣ ማለትም የጻፉበት ሳጥን፣ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ብቅ ብትል አይደንግጡ። «ቁጥር እኮ ነው፣ እርግጠኛ ነህ?» እያለች ነው። ዝም ይበሏት።

የተጻፉትን እንደገና አይጻፉ። ዜሮዋን በአንድ ጊዜ ለሁሉም መመለስ ይቻላል። ስልኩ አጠገብ ባዶ ዓምድ ላይ ይሂዱና ከመጀመሪያው ስልክ ትይዩ እንዲህ ይጻፉ፦ የእኩል ምልክት፤ ከዚያ በድርብ ጥቅስ መካከል ዜሮ፤ ከዚያ ሺፍትን ይዘው 7 ቁጥርን ሲጫኑ የምትመጣዋ ምልክት፤ ከዚያ ስልኩ ያለበትን ሴል በማውዝ ይጫኑና ኢንተር ይበሉ። ዜሮዋ ተመልሳ ያገኟታል። አሁን የጻፉበትን ሴል መልሰው ሲጫኑት በቀኝ የታች ጥጉ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ይዘው ወደ ታች ይጎትቷት። የእድርተኛው ስልክ ሁሉ ዜሮውን ለብሶ ይወጣል። ከዚያ አዲሱን ዓምድ ኮፒ አድርገው እዚያው ላይ ፔስት ሲያደርጉ «ቫልዩስ» የሚለውን ይምረጡ። ይህን ካላደረጉ አሮጌውን ዓምድ ያጠፉ ዕለት አዲሱም አብሮ ይበላሻል።

የባንክ ሒሳቡ አጭር ነው። ቁጥሩ ከ12 እስከ 15 አሃዝ ከሆነ ኤክሴል በአጭር ያሳየዋል እንጂ ቁጥሩ አልጠፋም። «ጀነራል» በነበረበት «ነምበር» ብለው ከነጥብ በኋላ ያሉትን ዜሮዎች ሲቀንሱ ተመልሶ ይታያል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የአባላቱን የፋይዳ ቁጥር ለመጻፍ ካሰቡ ዓምዱን አስቀድመው «ቴክስት» ያድርጉት። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር 16 አሃዝ ነው። ኤክሴል ደግሞ በቁጥርነት የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። አሥራ ስድስተኛውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ዜሮ ያደርገዋል። የስልኳ ዜሮ ትመለሳለች፤ ይሄኛው ግን አይመለስም፣ ካርዱን ከባለቤቱ ተቀብሎ እንደገና መጻፍ ነው።

«የሦስት ዓመት ልጄ ኪቦርዱ ላይ ሲጫወት ስክሪኑ ተገለበጠ። ባለቤቴ ላፕቶፑን ዘቅዝቆ ነው የሚሠራው። እባክሽ ድረሽልን።» ከአያት

ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኦሪየንቴሽን» የሚለውን «ላንድስኬፕ» አድርጉት። ማውዙም አብሮ ስለተገለበጠ ወደ ግራ ስትሉት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ቀስ በሉ። ባለቤትሽን ግን ሳላደንቅ አላልፍም።

«እትዬ፣ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ጽሑፌን ላሳትም ፍላሼን ኮፒ ቤት ወሰድኩ። ቤት ተመልሼ ስከፍተው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ ስጫናቸው አይከፍቱም። ኮፒ ቤቱ ፍላሹ ፎርማት ይደረግ አለኝ። ሌላ ኮፒ የለኝም። እንቅልፍ አጥቻለሁ።» ከሰበታ

ተኚ። ጽሑፍሽ ፍላሹ ውስጥ አለ።

ይህ በጣም የቆየ ቫይረስ ነው፤ እኔ ሱቅ በሳምንት አንዴ ሳይመጣ አይቀርም። የሚሠራው ተንኮል አንድ ነው። ፋይሎችሽን አያጠፋም፣ ይደብቃቸዋል። በቦታቸው በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። አንቺ ጽሑፌ ነው ብለሽ ስትጫኚ የምታስነሺው እሱን ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ሾርትከቶቹን አትጫኚያቸው።

ፍላሹን ጸረ ቫይረሱ የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ሰኪው። ከላይ «ቪው» የሚለውን ተጫኚና የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምልክት አድርጊ። በዚህ ካልታዩሽ ገና ነው። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹን የዊንዶውስ የራሱ ፋይል አስመስሎ ነው የሚደብቃቸው። «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተሽ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሺ። ዊንዶውስ ያስጠነቅቅሻል፤ እሺ በዪው። አሁን ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ይመጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ ስም የሌለው ባዶ ፎልደር ታገኛለሽ፤ ዕቃሽን በሙሉ እዚያ ውስጥ አጭቆታል። ክፈቺው።

የምትፈልጊያቸውን ብቻ፣ የወርድ የሆነውን፣ ፒዲኤፍ የሆነውን፣ ፎቶውን፣ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጊ። ሾርትከቶቹንና የማታውቂያቸውን ተያቸው። እያንዳንዱን ከፍተሽ አንብቢ። ሁሉም መውጣቱን ስታረጋግጪ፣ ያኔ ፍላሹን ፎርማት አድርጊው። አየሽ፣ ፎርማትን ጠላቴ ነው አላልኩም፤ ተራው መጨረሻ ነው እንጂ። የቤትሽንም ኮምፒውተር በጸረ ቫይረስ አስፈትሺ፤ ሾርትከቶቹን ተጭነሽባቸዋልና።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ እኔም አንዴ ስለበደልኩ ነው። ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን አንድ ሰው ላፕቶፕ አመጣ። «የሚፈለግ ነገር አለው?» ስለው «ምንም የለውም» አለኝ። አመንኩትና ፎርማት አደረግኩት። በሳምንቱ ተመልሶ «ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ፎልደርስ?» አለኝ። የልጁ የክርስትና ፎቶ ነበር። ለሱ «የሚፈለግ ነገር» ማለት የሥራ ፋይል ነው፤ ፎቶ እንደ ፋይል አልታየውም። ባሉኝ ፕሮግራሞች ሁሉ ሁለት ሌሊት ፈለግኩለት። ከመቶ የሚበልጠው ፎቶ ሄዶ አሥራ አንድ ተረፈ፤ ከነሱም አንዱ ግማሹ ግራጫ ነው። ከዚያ ወዲህ «ፋይል አለው?» ብዬ አልጠይቅም። «ፎቶ አለው?» ነው የምለው። «የለም» ቢሉኝም ኮፒ አድርጌ አንድ ወር አስቀምጣለሁ።

ለሌላ ጊዜ ደግሞ ጽሑፍሽን ቤትሽ ፒዲኤፍ አድርጊና ለኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ላኪላቸው። ፍላሽ መሰካት አይኖርም። የራስሽን ቴሌግራም ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን አትክፈቺ። እኔ ሱቅ አንዲት ልጅ ከፍታ ሄዳ ሲመሽ የእናትና አባቷ ወሬ ስክሪኔ ላይ ይወርድ ጀመር። ደውዬ ነገርኳት። የተከፈተ ነገር ካለሽ ስልክሽ ላይ «ዲቫይስስ» ገብተሽ የማታውቂውን ዝጊው።

«ከስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ በላፕቶፕ አንድ ኢሜይል ልልክ ስል 1 ጊጋዬ በሩብ ሰዓት አለቀ። ላፕቶፔ ተጠልፎ ይሆን?» ከቡራዩ

አልተጠለፈም። ላፕቶፕህ ዋይፋይ ሲያይ ቢሮ የገባ ነው የሚመስለው፤ በጥቅል እየሸመትክ መሆኑን በምን ይወቅ? አንተ ኢሜይሉን ስትጽፍ እሱ ከጀርባ ዊንዶውሱን ያድሳል፣ ፎቶህን ዋንድራይቭ ወደሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ይጭናል። ማይክሮሶፍት የወሩን ማስተካከያ የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ማክሰኞ ማታ መሆኑ ነው። በዚያ ሳምንት ሆትስፖት የከፈተ ሰው ዳታው ምን እንደበላው አያውቅም።

መድኃኒቱ አንድ ምልክት ነው። ከሆትስፖትህ ጋር እንደተገናኘህ የዋይፋዩን ሴቲንግ ክፈትና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብራ። «ይሄ በቆጣሪ ነው» ማለት ነው። ዊንዶውስ ወዲያው ጨዋ ይሆናል። ለዚያ ሆትስፖት አንዴ ካደረግከው ያስታውሰዋል፤ የሆትስፖቱን ስም ከቀየርክ ግን እንደ አዲስ ነው። ብሮውዘር ውስጥ ራሱ የሚጀምር ቪዲዮ ካለ ግን ይህ አያድንህም። እድሳቱንም ጨርሰህ አትከልክለው፤ በር ዘግቶ ቁልፉን ከውጭ እንደመተው ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝተህ ወይም ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ጋ ሄደህ አሳድሰው።

«የሰፈራችንን ኮሚቴ ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ በፍላሽ ወሰድኩ። እዚያ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ሆነ። ሰዎቹ ሳቁብኝ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?» ከገላን

ወንድሜ፣ ይህ የሁላችንም የጸሐፊዎች የድሮ ቁስል ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጅ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ብልሃት ፈጥረው ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ፊደል ነው፤ እነሱ በያንዳንዱ ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል አለበሱት። ያ ፎንት የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ታነባለህ። ፎንቱ የሌለበት ጋ ስትሄድ ልብሱ ወልቆ ያ እንግሊዝኛው ይቀራል። ፋይልህ ደህና ነው፤ ልብሱን ጥሎ ነው የሄደው።

የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ጽሑፉን ምረጥና ፎንቱን ኒያላ ወይም ኢብሪማ አድርገው። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፤ የትም ይነበባል። ከተዘበራረቀ የድሮው ነው። ለነገው ደብዳቤ ቤትህ ፒዲኤፍ አድርገህ ውሰደው፣ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን በዩኒኮድ መጻፍ ልመድ። ፓወር ግዕዝ የምትጠቀም ከሆነ ሁለቱንም ይችላል፤ የትኛው እንደተመረጠ አይተህ ጀምር። ኪማን የሚባለውም ነፃ ነው።

ጎን ለጎን አንድ ነገር። «ወርድ ውስጥ ፍለጋው አይሠራም» እያሉ የሚመጡ አሉ። አንዷ የሰው ስም ሃምሳ ጊዜ ፈልጋ አላገኘችም። «ፀሐይ» ብላ ትፈልጋለች፤ ሰነዱ ላይ «ጸሀይ» ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ እንደ በ እና ከ የተለያዩ ናቸው። ሐ እና ሀም እንዲሁ። ዝርዝር የምትይዙ ሰዎች ከመጀመሪያው አንዱን መርጣችሁ ጽኑበት።

«ዊንዶውስ 10 ተዘጋ ይላሉ። ኮምፒውተሬ መሥራት ሊያቆም ነው?» ከሱሉልታ

አያቆምም። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነፃ ድጋፉን አቆመ፤ የጸጥታ ማስተካከያ እንደ ድሮው አይልክም ማለት ነው። ነገም ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። አደጋው ውሎ አድሮ ነው የሚመጣው፣ ያውም ኢንተርኔት ላይ ለሚውል። ወደ 11 ለመሻገር ኮምፒውተሩ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጸጥታ ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ያንተ ካሟላ በነፃ አሻግረው። ካላሟላና የሚሠራበት ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ከሆነ፣ የባንክ ነገር አትክፈትበት እንጂ ለመሸጥ አትጣደፍ። «ዛሬውኑ ካልቀየርክ ይቆለፋል» የሚልህ ሰው የሚሸጥ ላፕቶፕ አለው።

«ላፕቶፔ እንደ ምጣድ ይግላል፣ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ መሃል ላይ ድርግም ይላል። ጓደኛዬ ጎሚስታ ጋ ወስደህ በአየር አስነፋው አለኝ። ፎርማትስ ይረዳው ይሆን?» ከቱሉ ዲምቱ

ፎርማት አቧራ አያራግፍም። የሚሠራ መንገድና ግንባታ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ላፕቶፕ ውስጡ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ማራገቢያው ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቀጭን ክፍተት በዚያ ይደፈናል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ድርግም ያለው ለዚያ ነው።

ጎሚስታ ጋ ግን በፍጹም። አንድ የእኛው ሰፈር ልጅ አድርጎት ማራገቢያው ተሰብሮ አምጥቶልኛል። ያ አየር የሚነፋው ጎማ ነው፤ ኃይሉ አይመጠንም። ታንኩ ውስጥ ውሃ ያቁራል፤ ሲነፋ ጠብታው አብሮ ይወጣል። ማራገቢያውም ከተሠራበት በላይ ይሽከረከርና ይወልቃል።

ቤትህ እንዲህ አድርግ። ላፕቶፑን አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጣው። በረንዳ ላይ ውጣ። ገልብጠውና የታች ክዳኑን ብሎን ፍታ፤ ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በወረቀት ላይ በቦታቸው ሥዕል አስቀምጣቸው፤ ረጅሙን ያለ ቦታው ብታስገባው ቦርዱን ይወጋል። ማራገቢያው እንዳይዞር ቅጠሎቹ መካከል ስቴኪኒ አስገባና ያዘው። ከዚያ በንጹሕ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ወደ ውጭ ጥረገው። በአፍህ አትንፋ፤ ምራቅ ይገባል። መተንፈሻው ላይ እንደ ጥጥ የተጋገረውን በጣትህ ይዘህ ሳበው፣ አንዳንዴ አንድ ላይ ተያይዞ ይወጣል፤ ደስ ይላል።

ከዚህ በኋላም ከጋለ የፕሮሰሰሩ ቅባት ደርቋል ማለት ነው። እሱን ለባለሙያ ተወው። ፍራሽ ላይ አስቀምጠህ ፊልም ማየቱንም ተው፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው።

ክዳኑን ከመግጠምህ በፊት ደግሞ ስቴኪኒውን አውጣ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሳያወጣው ገጥሞ «ማራገቢያው ሞተ» ብሎ አምጥቶልኛል።